የማይታየው ቁልፍ፦ የባክ 110 ሰንጢ ታሪክ

ተራ ሰንጢን ከፍቶ የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው። ስለቱን በተሳሳተ አቅጣጫ ከተጫናችሁት ሞላው ይሸነፍና ስለቱ ጣታችሁ ላይ ይታጠፋል። አዳኝ ደግሞ ቆዳ ሲገፍና መገጣጠሚያ ሲለያይ ኃይል መጠቀሙ አይቀርም። ስለዚህ ብዙዎች የማይታጠፍ ቢላ ከነሰገባው ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ የነበረው የባክ ቤተሰብ ኩባንያ ባክ 110ን ገበያ ላይ አዋለ። ስለቱ 9.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ እጀታው እንጨት ሆኖ ጫፎቹ ናስ ናቸው። ቁም ነገሩ ግን ጀርባው ላይ ነው። እዚያ መሃሉን በፒን የተያዘ የብረት ዘንግ አለ። ሞላው የኋላ ጫፉን ወደ ላይ ሲገፋው የፊት ጥርሱ ወርዶ ስለቱ ግርጌ በተቆረጠለት ቦታ ግጥም ይላል። ለማጠፍ የኋላውን ጫፍ ጫን ማድረግ ነው፤ ልክ እንደ ሚዛን የፊቱ ይነሳል።

ቀላል ይመስላል አይደል? ግን ጥርሱ የሚገባበት ቦታ ትንሽ ከሰፋ ስለቱ ይወዛወዛል፤ ከጠበበ ደግሞ ጭራሽ አይቆለፍም። የሚቆለፍ ሰንጢ ከባክ በፊትም ነበር። የባክ ውጤት ይህን ልኬት ጠብቆ በብዛት ማምረቱ ነው።

ታዲያ ለምን ብዙም አይደነቅም? አንደኛ፣ ብዙ አምራቾች ስለቀዱት ዋናውም ተራ መስሏል። ሁለተኛ፣ ዛሬ በአንድ እጅ የሚከፈቱ ቀለል ያሉ ሰንጢዎች አሉ፤ እሱ 200 ግራም ያህል ይመዝናል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ቁልፉ ሥራውን ሲሠራ ምንም ነገር አይፈጠርም። ያልተቆረጠ ጣት ማን ይቆጥራል?