ጎማውን ሳላይ የጻፍኩት ታሪክ (ማረሚያ)

የዛሬው ጽሑፍ ማረሚያ ነው። ክፍል ውስጥ "ማስረጃ ሳታዩ አትደምድሙ" እያልኩ የማስተምረው ሰውዬ ራሴ ሳላይ ደምድሜ ነበር።

ያቺን ትንሽ የብረት መኪና ታስታውሷታላችሁ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ያመጣት፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ቀለሟ የተላላጠ መጫወቻ። "ቅድመ አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ከጣሊያን ወታደር የማረኳት ናት" አለኝ። ገልብጬ ሳያት ሥሯ ላይ ያልተፋቀው ጽሑፍ "ሜድ ኢን ኢንግላንድ" የሚለው ብቻ ነው። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ታሪኩን አቃናሁት። በእንግሊዝ ዕዝ ሥር የነበረው የደቡብ አፍሪካ ጦር ደሴን የያዘው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ ከጣሊያን ባይሆን ከእንግሊዝ ወገን ወታደር ያገኟት ትሆናለች ብዬ ከነፎቶዋ ለጠፍኩት። ብዙዎቻችሁም ወደዳችሁት።

በሦስተኛው ቀን ውጭ አገር የሚኖር የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "መምህር፣ ታሪኩ ያምራል። ግን ጎማውን እዩት።"

ጎማ ምን ሊናገር ይችላል? ብዙ ይናገራል እኮ!

እነዚህ መጫወቻዎች የሚሠሩት የቀለጠ የዚንክ ቅይጥ ብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኃይል ተገፍቶ ነው። ቅርጽ ማውጫው ውድ ስለሆነ ፋብሪካው አንድን የመኪና አካል ለዓመታት ሳይቀይር ያመርታል። ጎማ ግን ርካሽ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ስለዚህ ሁለት መኪኖች አካላቸው አንድ ሆኖ ዕድሜያቸውን የሚለየው ጎማቸው ይሆናል። ሥሩ ላይ ዓመት ተጽፎ ብታገኙ እንኳ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ሞዴሉ የወጣበትን እንጂ በእጃችሁ ያለችው የተመረተችበትን አይደለም።

ለምሳሌ ሌስኒ የሚባለው የለንደን ኩባንያ የተመሠረተው በ1939 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1947) ነው። ስሙን ያገኘው ሌስሊ እና ሮድኒ ከሚባሉት ሁለት መሥራቾቹ ስም ነው። ከእነሱ ጋር ይሠራ የነበረው ጃክ ኦዴል የልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ሳጥን የሚበልጥ መጫወቻ ስለማይፈቅድ ሳጥኑ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መኪና ሠራላት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 "ማችቦክስ"፣ ማለትም የክብሪት ሳጥን፣ ተብለው ገበያ ላይ የወጡት መኪኖች መነሻቸው ይሄ ነው።

የእነዚህን መኪኖች ጎማ በቅደም ተከተል እዩት። መጀመሪያ ላይ ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ቀጥሎም ጥቁር ፕላስቲክ ሆነ። የዘንጉ ጫፍም ቀድሞ የተጨፈለቀ ነበር፤ በኋላ እንደ ሚስማር ራስ ክብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1968 ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ "ሆት ዊልስ" የሚባሉ፣ ገፋ ሲያደርጓቸው የሚበሩ መኪኖች አወጣ። ሌስኒ ገበያውን ላለማጣት በ1969 "ሱፐርፋስት" አለና ዘንጉን እንደ ሽቦ አቀጠነው፤ ጎማውንም መሐሉ ብር የሚመስል ጥቁር ፕላስቲክ አደረገው።

የኛይቱን አነሳኋት። ጥቁር ፕላስቲክ፤ መሐሉ ላይ የብር ቀለም ርዝራዥ፤ ዘንጉ ቀጭን ሽቦ። ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ገፋ ሳደርጋት ተንከባላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጎማው ተቀይሮ እንዳይሆን ብዬ የዘንጉን ጫፍ በማጉያ መነጽር አየሁ፤ የተነካካ ነገር የለም። ሥሯን በጋዝ ሳጸዳው ደግሞ "ሌስኒ" የሚለው ብቅ አለ። በ1933 ዓ.ም. ኩባንያውም አልተወለደም!

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። ልጁን ምን ልበለው? ቤተሰቡ በዚህች መኪና ነው አርበኛውን የሚያስታውሰው። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ሁለት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ ከልጁ ጋር ሆነን አያቱ ዘንድ ሄድን። የአርበኛው ልጅ እሳቸው ናቸው።

ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልደነገጡም። መኪናዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆዩና "አባቴስ አርበኛ ነበሩ፣ እሱ እውነት ነው። ይቺን ግን ያመጣት የበኩር ልጄ ነው" አሉ። በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ድርቁ ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1964፣ ለትንሿ እህቱ ብሎ ይዟት መጣ። እህቱ የተማሪዬ እናት ናት፤ ያኔ ሁለት ዓመቷ ስለነበር አታስታውስም። እሱ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ዘመተ፤ አልተመለሰም።

"እማማ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?" አልኳቸው።

"ማን ጠየቀኝ ልጄ? ወንዶቹ ሲያወሩ እሰማ ነበር።"

ወዳጆቼ፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም ነበር። ታሪኩን ጽፌ ስለጥፍ ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በዚያ ቤት ከሟቹ ልጅ የቀረች ዕቃ እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ደግሞ ለሌላ ሰው ሰጥቼባቸው ነበር።

ይህ ዘዴ ለፈረንጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም። እኛ በልጅነታችን ከሽቦና ከቆርቆሮ የሠራናቸውን መኪኖች አስቡ። ጎማዋ ቆርኪ ከሆነ ጠርሙስ ለስላሳና ቢራ አገሩ ገብቷል ማለት ነው። ከሸበጥ ተቆርጦ ከሆነ የላስቲክ ጫማ ደርሷል። የሃይላንድ ክዳን ከሆነ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ናት። አውሮፕላንም እንደዚያው። መካነ ሰላም እስከ ዛሬ በዓለም የአየር ማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ "ኤም ኬ ኤስ" የሚል መለያ አላት። ዳኮታ፣ ማለትም ዲሲ-3፣ ትንሿ ጎማዋ ጭራዋ ሥር ስለሆነ መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና ታደርጋለች። የኋለኞቹ ግን ትንሹ ጎማቸው አፍንጫቸው ሥር ነው። አንድ አባት ከእንጨት የጠረቡትን አውሮፕላን ብታገኙ ትንሹን ጎማ የት እንዳደረጉት እዩ፤ የትኛዋን አይተው እንደሠሩ ይነግራችኋል።

የቀድሞውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም፤ ከላዩ "ስህተት ነው" ብዬ ጽፌበታለሁ። ያረመኝን ተማሪዬን አመሰግናለሁ። እናንተም ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ከመሸጣችሁ ወይም ከመጣላችሁ በፊት ገልብጡት፣ ጎማውን እዩት። ከዚያ ደግሞ ጓዳ ያሉትን እናት ጠይቁ። ያገኛችሁትን ከታች ጻፉልኝ።