አንድ ዓይኑ ያንቀላፋ ኮርቬት

ከ1950ዎቹ አንዱን ቀን እናስብ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ መኪናውም ታሪኩም የእነሱ ነውና።) ቦታው አሜሪካ ነው፤ ወዲያና ወዲህ መኪና የሚተላለፍበት ጠባብ የገጠር መንገድ። ዝናቡ ይወርዳል። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውኃ እየረጨብን ያዘግማል። ትዕግሥታችን አለቀና ልንቀድመው ነዳጅ ረገጥን። ልክ ጎኑ ስንደርስ፣ ማየት ከምንም ጊዜ በላይ በሚያስፈልገን በዚያች ቅጽበት፣ የዝናብ መጥረጊያው ዝግ... ዝግ... አለና መስታወቱ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደንግጠን እግራችንን ከነዳጁ ስናነሳ፣ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው እንደገና መወራጨት ጀመረ።

መኪናው አልተበላሸም። ፋብሪካው እንዳሰበው እየሠራ ነው። ጉዱም እዚህ ላይ ነው።

የቤንዚን ሞተር በባሕርዩ አየር የሚምግ ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አየር ይስባል። ካርቡራተሩ ውስጥ ግን ነዳጅ ስንረግጥ የምትከፈት፣ ስንለቅ የምትዘጋ ክብ በር አለች። በሯ ስትዘጋ ሞተሩ የሚስበውን ያህል አየር አያገኝም፤ ከበሯ ጀርባ ባለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ግፊትም ከውጪው አየር በጣም ያንሳል። ቫኪዩም የሚባለው ይኸው ነው። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ቦታ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን በሯ ወለል ብላ ትከፈትና ቫኪዩሙ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሞተሩ ሥራ ሲፈታ የሚበረታ፣ ሥራ ሲበዛበት የሚከዳ ጉልበት ማለት ነው። ከዚህ ማኒፎልድ በቱቦ የሚነዳ መጥረጊያም አብሮት ይከዳል።

ታዲያ ለምን ተመረጠ? በነፃ ስለተገኘ! የዘመኑ ባትሪ ደካማ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ውድ ነበር። ማኒፎልዱን በስቶ አንድ የጎማ ቱቦ መሰካት ግን ሳንቲም ነው።

የመጥረጊያው ታሪክ ቡፋሎ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ይጀምራል። ጆን ኦይሼይ የተባለ የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ በዝናብ ሲነዳ ሳያየው አንድ ብስክሌተኛ ገጨ። አደጋው ከአእምሮው አልወጣም፤ በ1917 ኋላ ትሪኮ ተብሎ የታወቀውን ኩባንያ መሠረተ። መጀመሪያ በእጅ የሚገፋ መጥረጊያ ሸጡ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ በቫኪዩም የሚሠራው መጣ፤ የአሜሪካን ገበያም ወረሰው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዝናብ ማየት ባለመቻል ጸጸት የተወለደ ኩባንያ፣ ሰው ሲቀድምና ዳገት ሲወጣ የሚቆም መጥረጊያ ለሚሊዮኖች ሸጠ። ኋላ ላይ በነዳጅ ፓምፑ ላይ ተጨማሪ የቫኪዩም ፓምፕ እየደረቡ ችግሩን አቃለሉት እንጂ አላጠፉትም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቫኪዩም ቦታውን ያገኘበት ሥራም አለ። ፍሬን ነው። ፒርስ አሮው የተባለው መኪና በ1928 በቫኪዩም የሚታገዝ ፍሬን ይዞ ወጣ። ሰው ፍሬን ሲይዝ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፤ ያኔ ደግሞ ቫኪዩሙ ጣራ ይነካል። ጉልበቱ በሚፈለግበት ሰዓት ይገኛል ማለት ነው። ሰርቮ የምንለው ያ ክብ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ በብዙ መኪኖች ኮፈን ሥር የቀረው ለዚህ ነው።

እነዚያ ሰዎች እዚያ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። አላቆሙም። በ1960ዎቹ ዲትሮይት በቫኪዩም ፍቅር አበደ። ካዲላክ ማርሽ ሲገባ የእጅ ፍሬኑ በራሱ እንዲለቅ አደረገ። ፎርድ በተንደርበርድና በሊንከን የበር ቁልፎችን በቫኪዩም አስዘጋ። የ1967ቱ ሜርኩሪ ኩገር የፊት መብራቶቹን በክዳን ሸፍኖ በቫኪዩም ይከፍትና ይዘጋ ጀመር፤ በ1968 ዶጅ ቻርጀር ተከተለው። የዚያው ዓመት ኮርቬት ደግሞ ሁሉንም አስከነዳ። መብራቶቹ ከአፍንጫው ውስጥ በቫኪዩም ብቅ ይላሉ። መጥረጊያው በኤሌክትሪክ ሆነ፤ እሰይ ስንል የተደበቀበትን ክዳን የሚያነሳው ቫኪዩም ሆኖ አረፈው!

ይህ ሁሉ እንዲሠራ ኮፈኑ ሥር ሜትር በሜትር ቀጫጭን ቱቦ ይጋደማል። ከማኒፎልዱ ይነሳል፤ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያልፋል፤ ጣሳ የመሰለ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደየመብራቱ፣ ወደየበሩ፣ ወደ ማሞቂያው ይበተናል። ጎማ ደግሞ ከሞተር ሙቀት ጋር ሲኖር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የባለመኪናውና የመካኒኩ እንቆቅልሽ ነው። ሕመሙ የሚታይበት ቦታና ቁስሉ ያለበት ቦታ አይገናኙማ! የበር ቁልፍ የሚያንቀሳቅስ ስስ ጎማ ሲቀደድ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ያልታሰበ አየር ገብቶ ነዳጁን አሳስቶታልና። ዳገት ላይ የማሞቂያው ነፋስ ከፊታችን ሸሽቶ ወደ መስታወቱ ከሄደ ችግሩ ማሞቂያው ላይ አይደለም፤ ያ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ሳያፈስ አይቀርም።

የድሮ መካኒኮች ለዚህ የነበራቸው መሣሪያ አንድ ባለመርፌ መለኪያ ነው። ማኒፎልዱ ላይ ሰክተው ሐኪም የልብ ምት እንደሚያዳምጥ ያዩታል። መርፌዋ ጸጥ ብላ ከፍ ካለች ደህና። ጸጥ ብላ ግን ዝቅ ካለች ወይ አየር ይገባል ወይ የእሳቱ ሰዓት ዘግይቷል። እየቆጠረች በየተራው ዝቅ የምትል ከሆነ አንዱ የሞተር ቫልቭ በደንብ አይዘጋም። ከዚያ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ ማድረግ ነው፤ ሞተሩ ድንገት ከተረጋጋ ጥፋተኛው ተቆንጥጦ የተያዘው ቱቦ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የቁራጭ ቱቦ ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ ፉጨቱን ያስሳል። (ተቀጣጣይ ነገር የሚረጩም አሉ፤ የጋለ ሞተር ላይ ከሆነ እኛ አንመክርም።) መብራቶቹ ሁለቱም ካልተነሱ ችግሩ የጋራው መስመር ላይ ነው፤ አንዱ ብቻ ከዘገየ ግን የዚያን ወገን ቱቦና ስስ ጎማ መመርመር ይቀድማል።

አንድ ወጥመድ አለ። የመለኪያው ቁጥር ከፍታ አያውቅም። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል፤ አየሩ ራሱ ሳስቷልና። ባሕር ዳርቻ ላይ 19 የሚያሳየው ሞተር 1600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር 14 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ያንኑ መኪና ከ2300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ብናመጣው ደግሞ ወደ 11 እና 12 ይወርዳል። መጽሐፉን ብቻ ያመነ መካኒክ እንግዲህ ያልታመመ ሞተር ፈትቶ መዓት ያወርዳል።

በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ጭሱን ለመቀነስ ፋብሪካዎቹ የተቃጠለውን ጋዝ በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ ገጠሙ፤ እሱም በቫኪዩም ይታዘዛል። የሞተሩን ሙቀት እያየ ቫኪዩም የሚከፍትና የሚዘጋ መቀያየሪያም መጣ። ቱቦው ከመብዛቱ የተነሳ ካርታው ኮፈን ሥር ይለጠፍ ጀመር። ሞተሩ ይሰንፋል፣ ይጠፋል፣ ሲነሳም ያስቸግራል። የተማረረው ባለመኪና ቱቦውን ነቅሎ ጫፉን በብሎን፣ አንዳንዴም የጎልፍ ኳስ በሚቀመጥባት ሹል እንጨት ይደፍነው ነበር። ምሬቱ ይገባናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሥርዓቶች በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን የሎስ አንጀለስ ልጆች ሳንባ ውስጥ የሚገባው ጭስ ባለመኪናው የደፈነው ቱቦ ሊያስቀረው የነበረው ጭስ ነው። እኛ በዚህ ክርክር ከልጆቹ ጋር ነን። በ1977 ሕጉ ሲሻሻል ጋራዦችም እንዲህ ዓይነቱን መሣሪያ እንዳይነቅሉ ተከለከሉ።

የመጥረጊያውንና የመብራቱን ጉዳይም ፋብሪካዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው አልተዉትም፤ መንግሥት ገባበት። ከ1968 ጀምሮ የወጣው የፌዴራል ደረጃ መጥረጊያ በከፍተኛ ፍጥነቱ በደቂቃ ቢያንስ 45 ጊዜ እንዲመላለስ አዘዘ፤ ሞተሩ ምንም ያህል ጫና ላይ ቢሆን። በዚያች በጭነት መኪናው ጎን ባለችው ቅጽበት ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የተከፈተ የመብራት ክዳን ኃይል ቢቋረጥበትም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተደነገገ። በሌሊት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳን ቱቦ ተነቅሎ መብራታችን ዓይኑን ቢጨፍን ምን እንደሚከተል ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። እንዲያም ሆኖ አሜሪካን ሞተርስ የቫኪዩም መጥረጊያውን እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሙጭጭ አለበት። ኮርቬትም መብራቶቹን ወደ ኤሌክትሪክ ያዞረው በ1984 ሞዴሉ ነው።

ዛሬ ለእነዚያ አሮጌ ኮርቬትና ኩገሮች የቫኪዩሙን ሥርዓት አውጥቶ በኤሌክትሪክ የሚተካ ዕቃ ይሸጣል። ገጥሞ መገላገል ይቻላል። ሁሉም ግን አይገጥመውም። ባለቤቱ በአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ ሞተር አስነስቶ ማብሪያውን ይስባል፤ የግራው ዓይን ብድግ ይላል፤ የቀኙ ትንሽ አንቀላፍቶ፣ ተጎትቶ፣ ዘግይቶ ይነሳል። ተመልካቹ ይስቃል። ባለቤቱም አብሮ ይስቅና ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቁራጭ ቱቦውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያጎነብሳል።