ከመጠለያ የመጣ ውሻ ሲታመም ከፋዩ ማነው?



በኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ስለ ውሻ መጻፍ ለአንዳንዶቻችን እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ናይሮቢ ከኖርን ወዲህ ለሽማግሌዎቻችን ከቀረቡት ክርክሮች አንዱ ይኸው ነው። ከመጠለያ የተወሰደ ውሻ ቤት በገባ በሳምንቱ ታመመ፤ ክሊኒኩ ሒሳብ ጠየቀ። ማን ይክፈል? ወሳጁ፣ መጠለያው፣ ወይስ ነገሩን ያገናኘው ወዳጅ? ጥያቄው አዲስ ቢመስልም ሥሩ ሩቅ ነው። ታሪኩን ከአገር ቤት ልማድ ጀምረን እስከምንኖርባት ከተማ ድረስ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ርቢና ጉዲፈቻ

አባቶቻችን ከብት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኃላፊነቱም እንዴት እንደሚተላለፍ አሳምረው ያውቁ ነበር። በርቢ ልማድ ባለቤቱ ላሙን ወይም በጉን ለአርቢ ይሰጣል፤ የሚወለደውን በስምምነታቸው ይካፈላሉ። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ከብቱ በአርቢው ቸልተኝነት ሳይሆን በበሽታ ከሞተ ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። አርቢው ቆዳውን አምጥቶ ያሳያል፤ በዚያው ይለያያሉ። ጉዲፈቻ ደግሞ የሰው ልጅ ጉዳይ ነው። ልጁ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል፤ ቢታመም «የወለደው ያሳክም» የሚል የለም።

ውሻ ግን ከሁለቱም ውጪ ነበር። ቡችላ ከጎረቤት ይለመናል፣ ይሰጣል፤ ከዚያም ፍርፋሪና አጥንት እየበላ ግቢ ይጠብቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ ባለቤቱ የሚያበላው ነው። ሲታመም ሐኪም የሚጠራለት ስላልነበረ፣ ከፋዩ ማነው የሚል ክርክርም አልተነሣም።

ሕጉም ቢሆን በቅድሚያ የተመለከተው ውሻው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣው ለውጥ

የውሻን ጤና ከግቢ ጉዳይነት አውጥቶ የሕዝብ ጉዳይ ያደረገው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1903 አዲስ አበባ ውስጥ በውሾች ላይ ብርቱ ወረርሽኝ መነሣቱ ተመዝግቧል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኝበትን ሰፈር የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን «ፓስተር» ይለዋል። ውሻ ነክሶት ለብዙ ቀናት ሆዱ ላይ መርፌ የተወጋ ዘመድ ያላቸው ታላላቆቻችን ታሪኩን አይረሱትም። በዚያ ዘመን የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣው ለተነከሰው ሰው እንጂ ለውሻው አልነበረም። ለጎዳናው ውሻ የሚደርሰው የማዘጋጃ ቤት መርዝ ነበር።

ኬንያም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዛለች። የመጀመሪያው በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የእብድ ውሻ በሽታ የተገኘው በ1912 ናይሮቢ ዳርቻ በነበረ ውሻ ላይ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1910፣ የምሥራቅ አፍሪካ የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር ተመሥርቶ ነበር። መነሻው ጭነት ለሚጎትቱ እንስሳት ማሰብ ነበር፤ ዛሬ በምሕጻሩ ኬ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የምንለው የኬንያ ድርጅት የእርሱ ወራሽ ነው። በአገሪቱ ሕግ ምዕራፍ 360 ደግሞ እንስሳን በቸልተኝነት ላልተገባ ስቃይ መዳረግ ወንጀል ነው። ስለዚህ «ምብዋ ካሊ» የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ የሰቀለ ሁሉ የውሻውን ሕመም አላየሁም ሊል አይችልም።

ወጪውን ሌላ ሰው የሸፈነባቸው ዘመናት

የጠፉ ውሾችን መሰብሰብ በዘመናዊ መልኩ የሚጠቀሰው ከለንደን ነው። ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት በ1860 በሆሎዌይ መጠለያ ከፈተች። በ1917፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ማሪያ ዲኪን በዋይትቻፕል ምድር ቤት ውስጥ የድሆችን እንስሳት በነጻ ማሳከም ጀመረች። በዚያ ሥርዓት ባለቤቱ ያልቻለውን ምጽዋት ይሸፍን ነበር። በስዊድን ደግሞ በ1924 የመጀመሪያው የውሻ መድን ተሸጠ።

መድን ግን ለመጠለያ ውሻ ሙሉ መፍትሔ አልሆነም። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የነበረን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ የመጠለያ ውሻ ችግሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይዞት የመጣው ነው።

ቀኑን መቁጠር

ለሽማግሌዎቻችን ሥራውን ያከበደውም ይኸው ነበር። በሽታው የገባው መቼ ነው? በ1978 ታውቆ በሁለት ዓመት ውስጥ ዓለምን ያዳረሰው ፓርቮ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነው። ቤት በገባ በሁለተኛው ቀን ተቅማጡ ደም የቀላቀለ ቡችላ በሽታውን ያገኘው አዲሱ ቤት አይደለም። የመዥገር ትኩሳት ግን ከ10 ቀን እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ መዥገሩ ከየትኛው ግቢ እንደመጣ ለመናገር ያስቸግራል። የእብድ ውሻ በሽታ ሳምንታትና ወራት ይደበቃል፤ እዚያ ላይ ቀን መቁጠር ከንቱ ነው፤ መፍትሔው ክትባት ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ የያዙት የአባቶችን መለያ ነው። ውሻውን የወሰዳችሁት በርቢ ነው ወይስ በጉዲፈቻ? መጠለያው ባለቤትነቱን ይዞ ለጊዜው እንድታቆዩለት ሰጥቷችሁ ከሆነ ነገሩ ርቢን ይመስላል፤ ሕክምናው የመጠለያው ነው፤ እናንተ ደግሞ ሳትዘገዩ ማሳወቅ አለባችሁ። ፈርማችሁ፣ ከፍላችሁ፣ የእኛ ነው ብላችሁ ከወሰዳችሁት ግን እንደ ጉዲፈቻ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሒሳቡ የቤታችሁ ነው። ያገናኘው ወዳጅ ዕዳ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለታየ ሕመም መጠለያውን እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በልመና እንጂ በክስ አይሁን። የመጠለያው ገንዘብ የበጎ አድራጊዎች ነው፤ ለእኛ ውሻ የወጣው ለሚቀጥለው ይጎድላል።

ለቤተሰቦቻችን

ውሻ ለመውሰድ ያሰበ ቤተሰብ ሦስት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ፦ የተሰጡት ክትባቶች ከነቀናቸው የተጻፉበትን ካርድ፤ መምከኑን፤ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ቢታመም መጠለያው የሚያደርገውን፣ በጽሑፍ። በዚያው ሳምንት ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። የክትባት ዋጋ ከሕክምና ሒሳብ ጋር አይወዳደርም።

ልጆቻችንንም እናስተምር። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ውሻው የቤት ነው ተብሎ አይታለፍ። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ ነው። ኬንያ በ2014 ባወጣችው ዕቅድ ይህን ሞት እስከ 2030 ለማስቀረት አስባለች። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር 28 በሚውለው የበሽታው መታሰቢያ ቀን አካባቢ በየቦታው የነጻ ክትባት ይዘጋጃል። ውሾቻችንን ይዘን እንውጣ፤ መኪና ያለው የሌለውን ጎረቤት ውሻ ይጫን።