ባለቤት የሌለው ታካሚ፦ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕክምና ትምህርት ከሐዋሳ ሲታይ

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ስለ ዱር እንስሳት ጤና ምን፣ በተለይም የት ሊማር እንደሚገባው ይመረምራል። የባሌ ቀይ ቀበሮ፣ የማጎ አምባራይሌና የሰንቀሌ ቆርኬ በማስረጃነት ቀርበዋል። የዱር እንስሳ ጤና የሚጠበቀው በአብዛኛው በፓርኩ ዳርቻ በሚኖረው ሰው ደጃፍ ስለሆነ፣ የመስክ ትምህርቱም ከዚያ መጀመር እንዳለበት ይሟገታል።

መግቢያ

አንድ ገበሬ የታመመ በሬውን እየጎተተ ክሊኒክ ሲደርስ፣ ተማሪው በሬውን ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል። «አባባ፣ መብላት ካቆመ ስንት ቀኑ ነው? ያመሰኳል? የጎረቤት ከብትስ ታሟል?» ገበሬው ብዙ ጊዜ የበሽታውን ስም ሳይቀር ይዞ ይመጣል፤ አባ ሰንጋ፣ ገንዲ፣ አፍተግር ይላል። የምርመራው እኩሌታ በዚህ ጭውውት ያልቃል። ሣር ውስጥ ወድቆ የተገኘ ቀይ ቀበሮ ግን የሚናገርለት የለውም። ሬሳው ዘግይቶ ከተገኘ ጅብና አሞራ ቀድመውታል፤ የእብድ ውሻ በሽታን በላቦራቶሪ ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው የአንጎል ናሙናም አብሮ ጠፍቷል። ሐኪሙ ታዲያ የበሽታውን ታሪክ ከማን ይጠይቅ?

ከ«ደስታ» የተገኘ ትምህርት

መልሱን ለመፈለግ ከቀድሞ ታሪክ እንጀምር። አገራችን ካየቻቸው የከብት በሽታዎች ሁሉ የከፋውን ሕዝቡ «ደስታ» ብሎታል፤ ክፉውን በስሙ ላለመጥራት ይመስላል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መባቻ በምጽዋ በኩል የገባው ይህ በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ አስከተለ። ጎሽና ቆርኬንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ለድሉ ያበቃው ከብት መከተቡ ነበር። በታንዛኒያ ሰረንጌቲ ዙሪያ ከብቱ ከተከተበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዋይልድቢስት መንጋ በአሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ ከሚሊዮን አልፏል። ዋይልድቢስቶቹን የከተባቸው ግን ማንም አልነበረም።

ባሌ፦ በሽታው ከውሻ ሲመጣ

ከሐዋሳ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ዲንሾ ሲደረስ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ መትቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሣው ወረርሽኝ በፓርኩ ወብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስተምፐር የተባለው ሌላ በሽታ ተከተለ። የሁለቱም ምንጭ ውሻ ነው። እረኞች «ጎዳንቱ» በሚሉት ወቅታዊ የግጦሽ ጉዞ ከብታቸውን ወደ ደጋው ሲያወጡ፣ ከጅብ የሚጠብቃቸውን ውሻ አስከትለው ይመጣሉ።

በ2003 የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባለሙያዎች ሁሉንም ቀበሮ እንከትብ አላሉም። ሸለቆ ከሸለቆ በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን የቀበሮ ቤተሰቦች በወጥመድ እየያዙ ከተቡ፤ በሽታውም መንገዱ ተዘጋበት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ይበተናል፤ ይህ ዘዴ የተመረጠው በርካታ የማባበያ ዓይነቶች በመስክ ከተፈተሹ በኋላ ነው። የመንደሩን ውሾች መከተብም ሳይቋረጥ ይካሄዳል። እዚህ ላይ «ታካሚ» የሚለው ቃል ይሰፋል፤ ቀበሮውን፣ ውሻውንና የውሻውን ባለቤት አንድ ላይ ይይዛል።

ማጎና ሰንቀሌ

እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አባ ሰንጋ ከ1,600 በላይ የዱር እንስሳትን ገድሏል፤ አብዛኞቹ አምባራይሌ ነበሩ። ከዚህ ዓይነቱ ወረርሽኝ ተማሪው የሚማረው የመጀመሪያ ነገር እጁን መሰብሰብ ነው። ከአፍንጫና ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰውን ሬሳ መክፈት፣ ተሕዋሱን ከአየር ጋር አገናኝቶ ለዓመታት አፈር ውስጥ የሚቆይ ዘር እንዲያበጅ ዕድል መስጠት ነው። ከጆሮ ሥር ጥቂት ደም ወስዶ በመስታወት ላይ ቀብቶ መመርመር ይበቃል።

ከሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ሰንቀሌ ደግሞ፣ በ54 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘውን የስዌይን ቆርኬ ይጠብቃል። ቆርኬው ከመንደሩ ከብት ጋር ሣር ሲሻማ በሽታም ይጋራል። በበግና ፍየል ላይ የሚታየው ደስታ መሰል በሽታ እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 በሞንጎሊያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳይጋ የተባሉ የዱር እንስሳትን መፍጀቱ፣ ለሰንቀሌ እረኛ ፍየል የሚሰጠው ክትባት ለቆርኬውም መከለያ ሊሆን እንደሚችል ያስገነዝባል።

ሐዋሳ እንደ መማሪያ ክፍል

ሐዋሳ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ እንስሳት ሕክምናን በአንድ ወገን፣ የዱር እንስሳት ሥነ ምኅዳርን ደግሞ በወንዶ ገነት ያስተምራል። ሁለቱን የሚያጣምር የመስክ ልምምድ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጠዋት አሞራ ገደል ላይ አሣ አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ፣ ልጆች ቆሮሶውን በቢላዋ ይገፋሉ፤ አንዳንዱ ገበያተኛ ጥሬውን በአዋዜ ይበላል። አባ ኮዳ ሁለት እርምጃ ርቆ አንጀቱ እስኪወረወርለት ይጠብቃል፤ ጦጣዎች ከዛፉ ወርደው ከሰው እጅ ይቀበላሉ። ሰው፣ አሣ፣ ወፍና ጦጣ በአንድ ውኃ ዳር ምን እንደሚቀባበሉ መመዝገብ፣ ለጀማሪ ተማሪ «አንድ ጤና» የሚባለውን መርሕ ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ በላይ ያብራራለታል።

መደምደሚያ

ማደንዘዣ መተኮስና ቁስል መስፋት ለዱር እንስሳ ሐኪም የግድ ናቸው፤ የሚያድኑት ግን አንዱን እንስሳ ነው። ዝርያን የሚያድነው ሥራ በክሊኒኩ ግቢ ከተጀመረው ጭውውት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የመስክ ልምምዱ ከጎዳንቱና ከሰንቀሌ እረኞች ጎጆ ቢጀምር ይበጃል፤ «ውሻህ ተከትቧል? በዚህ ወር የሞተ ውሻ አይተሃል? ፍየሎችህ ከቆርኬው ጋር ውኃ ይጠጣሉ?» እያሉ በመጠየቅ። ቀይ ቀበሮው ባለቤት ባይኖረውም፣ የበሽታውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አለው።