ከነጩ ቶብ ሥር

የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ መድኃኒቱና መሣሪያው ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ ሐኪሙ የለበሰው ልብስ፣ ይልቁንም ከደንብ ልብሱ ሥር የደረበው፣ እምብዛም አይነሣም። በካርቱም ግን ይህ ጉዳይ ከሴቶች የሥራ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ሊታለፍ አይገባውም። ከመሃል ከተማው በስተደቡብ በሚገኘው በካርቱም ሁለትም ሆነ ብዙ ሐበሾች በኖሩበት በዴም ሰፈር፣ እስከ 2023ቱ ጦርነት ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጠዋት ወደ ሥራ የምትሄድ ሴት በነጭ ቶብ ተጠቅልላ ማየት የተለመደ ነበር።

ቶብ ነጠላን ለለመደ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ርዝመቱ ከ4 ሜትር የማያንስ መሆኑና ከራስ እስከ እግር መላ አካልን መጠቅለሉ ነው። ከሥሩ ቀሚስ ወይም ጉርድና ሸሚዝ ይለበሳል። ባለቀለሙ ለሠርግና ለዓውደ ዓመት ሲሆን፣ ነጩ የመምህርቷ፣ የአዋላጇ፣ የነርሷና የመንግሥት ሠራተኛዋ መለያ ሆኖ ቆይቷል።

እንግሊዛዊቷ ሜብል ዎልፍ በ1921 በኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ ሱዳናዊት ሴት ከቤቷ ወጥታ በደመወዝ መሥራቷ ራሱ አከራካሪ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ቶቡ ከልብስነት ያለፈ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ተሸፍና ስለወጣች ነውር የሚላት አልነበረም፣ ወይም ቢያንስ አፉን ሞልቶ የሚናገር አልነበረም። በ1952 ኻልዳ ዛሂርና ዛርዊ ሳርኪሲያን በ1924 ከተመሠረተው ከኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በሱዳን የመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞች ሲሆኑም፣ የተማረች ሴት አደባባይ የምትወጣበት ልብስ ይኸው ቶብ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ከሆስፒታሉ በር ወዲያ ነው። ዚመልቫይስ በ1847 በቪየና የሐኪሞች እጅ የወላዶችን ትኩሳት እንደሚያስተላልፍ ካሳየ፣ ሊስተርም በ1867 የቁስል መመረዝን በካርቦሊክ አሲድ የመከላከል ዘዴውን ካሳተመ በኋላ፣ በደም የተጨማለቀ ካፖርት ለብሶ ማከም የልምድ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ነውር እየሆነ መጣ። ነጭ ጋዋን ተተካ። በ1914 የሳን ፍራንሲስኮው ቀዶ ሐኪም ሃሪ ሸርማን የነጩ ነጸብራቅ ዓይን ያደክማል ብሎ አረንጓዴ ጨርቅ አስገባ፤ ቀይ ደም ላይ አፍጥጦ የቆየ ዓይን በአረንጓዴ ያርፋልና። ዛሬ ስክራብ የምንለው እጅጌው አጭር፣ አንገቱ ክፍት፣ ሱሪው ሰፊ የሆነ ልብስ ከዚህ መሥመር የወጣ ነው። የተቆረጠው ለመታጠብ፣ ለመቀቀልና በቶሎ ለመቀየር እንጂ ለጨዋነት አልነበረም።

ቶብ እየተንዘረፈፈ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አይገባም። ስለዚህ ሴቲቱ በር ላይ ታወልቀዋለች፤ ከሥሩ ያለው ስክራብ ግን ክንዷን ያጋልጣል። መፍትሔው ከላይ የነበረውን ሽፋን ወደ ውስጥ ማስገባት ሆነ፤ ብዙ ሙስሊም ሴት ሐኪሞችና ነርሶች ከስክራቡ ሥር እጅጌ ረጅም ካናቴራ ይደርባሉ። በእኔ ግምት፣ ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ክርክሩን ከነውርና ከክብር አንሥቶ ወደ ንጽሕና ያዞረው እርሱ ነው፤ እጅጌው ሲታጠቡ ይረጥባል፣ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላውም ይነካካል።

በዚህ ላይ የአየሩ ነገር አለ። ካርቱም በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች፤ በጥር ሌሊት ደግሞ ሹራብ የሚያስፈልግበት ጊዜ አይጠፋም። ከተማዋ ከ1925 ጀምሮ ዝነኛውን ረጅም ዘር ጥጥ ባመረተው በገዚራ የመስኖ እርሻ ደጃፍ መሆኗን ሳስብ ይገርመኛል፤ ጥጡ ወደ ላንካሻየር እየተጫነ ሄዶ ጨርቅ ሆኖ ይመለስ ነበር። ለሙቀቱ ከጥጥ የሚሻል ካናቴራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ላቡን ይጠጣል፣ በደረቁም አየር ቶሎ ተኖ ሰውነት ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ያው የረጠበ ጥጥ ማቀዝቀዣ ወዳለበት የኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ብርድ ያስይዛል። ትርፍ ካናቴራ ይዞ መቀያየር እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። ከደጋ ወደዚያ የወረደ የእኛ ሰው ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ከጋዋን ጋር ሹራብ የሚደረበው ለብርድ ብቻ ነውና።

ስክራብ ሱሪ መሆኑም በካርቱም ቀላል ነገር አልነበረም። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 «ነውረኛ» ለተባለ ልብስ እስከ 40 ጅራፍ ይፈቅድ ነበር። ጋዜጠኛዋ ሉብና ሑሴን በ2009 ሱሪ በመልበሷ በዚሁ ተከስሳ ጥፋተኛ ተብላለች። በሆስፒታል ውስጥ የሥራ ልብስ የሆነው ሱሪ ከበር ውጭ ሊያስከስስ ይችል ነበር ማለት ነው፤ ቶቡ ሲወጡ ተመልሶ የሚደረበው በልማድ ብቻ አልነበረም። በኤፕሪል 2019 አላ ሳላሕ መኪና ጣሪያ ላይ ቆማ ሕዝቡን ስታስተባብር የለበሰችው ይኸው የእናቶችና የአያቶች የሥራ ልብስ ነጭ ቶብ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሕዝብ ሥርዐት ሕጉ ተሻረ።

የክንዱ ጥያቄ ግን ከሕጉ ጋር አልተሻረም። ብዙ ሱዳናውያን ሐኪሞች በሚሠሩባት በብሪታንያ፣ በ2007 የጤና ሚኒስቴር ሕሙማንን የሚነካ ሁሉ ከክርኑ በታች ባዶ ክንድ እንዲሆን አዘዘ። ሙስሊም ሴቶች ተቃወሙ። በ2010 መመሪያው ተሻሽሎ፣ ከሕመምተኛ ርቀው ሳሉ እጅጌያቸውን እንዲያወርዱ፣ ሲታጠቡና ሲያክሙ ግን አጥብቀው እንዲሰበስቡ፣ አልያም አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣል፣ ክርኑና አንጓው ላይ ላስቲክ ያለው እጅጌ እንዲያጠልቁ ተፈቀደ። እርሱም እንደ እጅ ጓንቱ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ይቀየራል፤ እጅና አንጓም ከመጠለቁ በፊትና ከወለቀ በኋላ ይታጠባሉ።