የኒው ጋርደኑ የኩዌከር ልጅ

ሌዊ ኮፊን እ.ኤ.አ. በ1798 በሰሜን ካሮላይና፣ ኒው ጋርደን በተባለ፣ ኩዌከር የተሰኘው የክርስቲያኖች ማኅበር አባላት በሚኖሩበት የገበሬ መንደር ተወለደ። ከሰባት ልጆች ወንዱ እሱ ብቻ ስለነበር ከእርሻ ሥራ የሚለይበት ጊዜ አልነበረውም፤ ያስተማረው በአብዛኛው አባቱ ነው። በየሳምንቱ ቤተሰቡ ካህንም መዝሙርም ወደሌለበት ጉባኤ ይሄዳል። መንፈስ ያናገረው ሰው ካልተነሣ በቀር ሕፃናቱ ጭምር ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። አለባበሳቸው ጌጥ የለውም፤ መማልም ሆነ መዋጋት ክልክል ነው።

ባርነትም በማኅበሩ ዘንድ የተወገዘ ነበር። ችግሩ የግዛቲቱ ሕግ ባሪያን እንደልብ ነፃ ማውጣት መከልከሉ ነው። በዚህም ምክንያት ከ1808 ጀምሮ የሰሜን ካሮላይና ኩዌከሮች ባሪያዎችን በማኅበሩ ስም መያዝና በተግባር እንደ ነፃ ሰው ማኖር ያዙ፤ ፍርድ ቤት ግን በ1827 ይህን አሠራር ውድቅ አደረገው።

ሌዊ ሰባት ዓመት ገደማ ሳለ አባቱ መንገድ ዳር እንጨት ሲፈልጥ አብሮት ነበር። በሰንሰለት የተቆራኙ ሰዎች እየተነዱ መጡ። አባቱ ለምን እንደታሰሩ ሲጠይቃቸው አንዱ፣ ከሚስትና ከልጆቻቸው እንደነጠሏቸው፣ አምልጠው እንዳይመለሱም እንዳሰሯቸው ነገረው። ልጁ የራሱ አባት እንዲህ ቢወሰድ ቤተሰቡ ምን እንደሚሆን ማሰብ ያዘ። ይህ የሚታወቀው ኮፊን በ1876 ካሳተመው ትዝታ ነው። ሰባ ዓመት የቆየ ትዝታ ሊደበዝዝ ይችላል፤ የኋላ ሥራው ግን ይመሰክርለታል። ገና በወጣትነቱ ለአሳማዎች በቆሎ በሚወስድበት ጆንያ ውስጥ ዳቦና ሥጋ ደብቆ ከባርነት አምልጠው ጫካ ለተሸሸጉ ስደተኞች ያደርስ ነበር። በ1821 ከዘመዱ ከቬስታል ጋር ለባሪያዎች የከፈተውን የሰንበት ትምህርት ቤት ጌቶቻቸው አዘጉት።

በ1826 ወደ ኢንዲያና፣ ኒውፖርት ተዛወረ። ከሚስቱ ከካትሪን ጋር ወደ 3,000 የሚጠጉ ስደተኞችን እንደረዳ ይነገራል። የሚያከራክረው እዚህ ላይ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ላሪ ጋራ በ1961 ባወጣው መጽሐፍ፣ የነጮቹ ረዳቶች ዝና የስደተኞቹን የራሳቸውን ብልሃትና ድፍረት እንደጋረደ ተከራክሯል። ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ ኮፊን ራሱ እንደጻፈው እሱ ከመድረሱ በፊት በኒውፖርት አካባቢ ስደተኞችን ያስጠጉ የነበሩት ነፃ ጥቁሮች ናቸው። ኩዌከሮቹም ቢሆኑ አንድ ልብ አልነበሩም፤ በ1843 የኢንዲያና ማኅበር ባርነትን በመታገል ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ኮፊን ከፀረ ባርነቱ ወገን ቆሟል።

ኮፊን በ1877 በሲንሲናቲ ሞተ። ኒውፖርት ዛሬ ፋውንቴን ሲቲ ትባላለች፤ የጡብ ቤቱም ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚዎች ክፍት ነው።