ከመርዝ ጋዙ የተረፉት ምን ሆኑ?

ፋሺስት ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ማዝነቧን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በትምህርት ቤት ይነገራል፣ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲደርስ ይነሳል። የሚነሳው ግን ስለሞቱት ነው። ጋዙ ነክቷቸው ሳይሞቱ ወደየቀያቸው የተመለሱት ሰዎች ቀሪ ዕድሜያቸውን እንዴት ጨረሱት? ስንት ዓመት ሳሉ? ስንቱ ዓይኑን አጣ? ይህን የጠየቀ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ጥያቄው ትንሽ አይደለም። ሰናፍጭ ጋዝ፣ ኢጣልያኖች "ኢፕሪት" የሚሉት፣ ከሚገድለው ይልቅ አቁስሎ የሚተወው ይበልጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዚህ መርዝ ከተጎዱት የአውሮፓ ወታደሮች የሞቱት ከመቶ 2 ወይም 3 ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚያ ወታደሮች የጋዝ ጭንብል፣ ጫማና የጦር ሜዳ ሆስፒታል ነበራቸው። ኢትዮጵያዊው ዘማች ባዶ እግሩን ነበርና የሞተው ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። ቢሆንም ቆስሎ የተረፈው ብዙ ሺህ ሰው መሆን አለበት።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ መጡ። የዚያን ዕለት የጣሉት እንደወትሮው የሚፈነዳ ቦምብ አልነበረም፤ መሬት ወይም ውሃ ሲነካ የሚሰበርና ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሳይ ነገር ነበር። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለኢጣልያዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጀሎ ዴል ቦካ እንደተናገሩት፣ ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው በውሃ ቋጠሮ ተሸፈነ። ጥማቸውን ሊያስታግሱ ወደ ወንዙ የወረዱትም እዚያው ወደቁ። መሪው ምን ትእዛዝ ይስጥ? የሚያቃጥል ዝናብ እንዴት እንደሚወጉት የሚያውቅ አልነበረም።

ኢጣልያ በኋላ ሰበብ አቀረበች፦ ሚኒቲ የተባለ አብራሪዋ በኦጋዴን ተማርኮ ስለተገደለ የተወሰደ የበቀል እርምጃ ነው አለች። ሚኒቲ የተያዘው ግን ታኅሣሥ 16 ነው፤ ተከዜ ላይ መርዙ ከወረደ ከሦስት ቀን በኋላ። ሙሶሊኒም ለግራዚያኒ በጋዝ እንዲጠቀም የፈቀደበት ቴሌግራም የተላከው ጥቅምት ውስጥ ነው። ኢጣልያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃ ነበር።

ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍ አያምም። ሰውየው ልብሱ በትንሹ የረጠበ መስሎት መንገዱን ይቀጥላል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረዋል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ ጉሮሮው ይዘጋል። ሸማ ፈሳሹን እየመጠጠ ገላ ላይ ያቆየዋል። ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ለቀናት ይሰነብታልና ሳያውቅ የሚያልፈውን እግረኛ፣ ከብቱንና እረኛውንም ይነካል። ቆይተው በአውሮፕላን እንደ ጉም መርጨት ሲጀምሩ ደግሞ ማምለጫ ጠፋ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በዘጠኝ፣ በአሥራ አምስት፣ በአሥራ ስምንት ተሰልፈው ስለሚመጡ አውሮፕላኖች የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች በጠቅላላው የወረደውን ኢፕሪት ከ300 እስከ 500 ቶን ይገምቱታል።

ለቁስለኛው የደረሱለት ጥቂት የውጭ የቀይ መስቀል ቡድኖች ነበሩ። የስዊድኑ ቡድን መልካ ዲዳ ላይ ታኅሣሥ 20 ቀን በግራዚያኒ አውሮፕላኖች ተደበደበ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ በሰሜን ግንባር በጋዙ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ግን ሐኪሞቹ ወጡ፣ ጦሩ ተበተነ፣ ቁስለኛው በየመንደሩ ገባ። የእነዚያ ሰዎች የሕክምና ታሪክ እዚህ ላይ ይቆማል።

ቀሪውን ለመረዳት ሌላ አገር መሄድ ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1987 የኢራቅ አውሮፕላኖች ሰርደሽት በምትባል የኢራን የኩርዶች ከተማ ላይ ሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ከተማዋ 12,000 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ተመረዘ። ኢራን ከተከዜ የምትለየው ከዚያ በኋላ ባደረገችው ነው። የሰርደሽትን ነዋሪና በግንባር የተመረዙ ወታደሮቿን መዘገበች፣ ፋይል ከፈተችላቸው፣ ሐኪሞቿም ለዐሥርተ ዓመታት ተከታተሏቸው። ዛሬ ዓለም ስለዚህ መርዝ ዘላቂ ጉዳት የሚያውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከእነዚህ ሰዎች ገላ ነው።

የታየውም ይህ ነው። ሳንባ ከሁሉ የከፋው ነው። ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ጠባሳ ይዘው ይጠባሉ፤ ሰውየው ከ20 ዓመት በኋላም ያለማቋረጥ ያስላል፣ አክታ ይተፋል፣ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፣ ተኝቶ መተንፈስ ይቸግረዋል። በጊዜው ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ጭምር በኋላ ሳንባቸው ታሞ ተገኝቷል። ቆዳው ይደርቃል፣ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ይመጣል፣ አንዳንዱ ቦታ ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ይነጣል። ዓይን ደግሞ ያታልላል። ከቁስሉ ድኖ ለዓመታት ደህና የነበረ ሰው ከ15፣ ከ20፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በኋላ የዓይኑ መስታወት መሳይ ሽፋን እንደገና ይቆስላል፤ ብርሃን ማየት አይችልም፣ ቀስ በቀስም ይታወራል። በዚህ ላይ ጭንቀቱ፣ ቅዠቱና ድብርቱ አለ።

ካንሰሩን ያሳየችው በተለይ ጃፓን ናት። ኦኩኖሺማ በምትባል ትንሽ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1945 ጋዙን በድብቅ ሲያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች ከጊዜ በኋላ በሳንባና በመተንፈሻ አካል ካንሰር ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ሲያዙ ታየ። መርዙ የሕዋስን የዘር ሐረግ ይጎዳልና የሚያስደንቅ አይደለም። ዛሬ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

ኢጣልያም ብትሆን ይህን መርዝ በራሷ ከተማ ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 ጀርመኖች የባሪን ወደብ ሲደበድቡ፣ ሰናፍጭ ጋዝ በምስጢር የጫነች ጆን ሃርቪ የተባለች የአሜሪካ መርከብ ፈነዳች። ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ አልተነገራቸውምና ቁስለኛውን ከነረጠበ ልብሱ በብርድ ልብስ እየጠቀለሉ አስተኙት። መርከበኛውም የከተማው ሰውም በዚያ አለቀ። አሜሪካዊው ሐኪም ስቱዋርት አሌክሳንደር በሟቾቹ ላይ የነጭ የደም ሕዋስ መመናመኑን መዝግቦ፣ የካንሰር መድኃኒት ፍለጋውን የሚያግዝ ማስረጃ ሆነ። የባሪ ቁስለኞች ቢያንስ አንድ ሐኪም ጻፈላቸው።

አሁን ወደ ትግራይ፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ሲዳሞ እንመለስ። በ1930ዎቹ በየገጠሩ የሚያስል ሰው ሲታይ ምን ይባል ነበር? የሳንባ ነቀርሳ። ዓይኑ የሚያነባና ብርሃን የሚሸሽ ሰው የዓይን ማዝ ይዞታል ይባላል። ቆዳው ቦታ ቦታ የነጣ ሰው ለምጻም ይባላል፤ ይህን ስም የያዘ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ነው። አገሩ በነቀርሳና በዓይን ማዝ የተጎዳ ስለነበር የጋዙ ሕመም በእነዚህ ስሞች ውስጥ በቀላሉ ይደበቃል። በዚያ ላይ የተቃጠለ ሳንባ ይዞ ጭስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ መኖር አለ። አገሪቱ ያኔ አንድም የሐኪም ማሠልጠኛ አልነበራትም። "ጦር ሜዳ የት ነበርክ?" ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ከየት ይመጣል?

ጋዙ በማይጨው አላበቃም። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለ ቦታ፣ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ የአርበኛው የአበበ አረጋይ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ኢጣልያኖች ሰናፍጭ ጋዝና አርሲን ተጠቅመዋል። ኢጣልያዊው ተመራማሪ ማቴኦ ዶሚኒዮኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሻውን ሲያገኘው አጥንቶቹ ገና እዚያው ነበሩ።

ሳይጠየቅ የቀረበት ሌላው ምክንያት ፖለቲካ ነው። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ካደ። ወንጀሉ የለም ከተባለ ተጎጂም አይኖርም። ኢትዮጵያ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉበትን የ10 ሰዎች ዝርዝር ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ብታቀርብም አንዳቸውም በኢትዮጵያ በፈጸሙት ለፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒ የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱንም ብዙ ሳይቆይ ተፈታ። የኢትዮጵያ መንግሥትም ቢሆን ከነጻነት በኋላ ከኢጣልያ ጋር ያለውን ግንኙነት ማደስ ነበረበትና የተመረዘውን ሰው ቆጥሮ ለመያዝ አልቸኮለም። ይህ ወቀሳ ሊከብድ ይችላል፤ ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ የአንድ ወረዳ ቁስለኛ እንኳ ቢመዘገብ ኖሮ፣ ኢጣልያ ስልሳ ዓመት መካድ ባልቻለች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪሱ የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተወሰነ፤ በኋላ በተደረገ ስምምነት የተከፈለው ከዚያ ያነሰ ነው። የተከፈለውም ለመንግሥት ነበር፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ማይጨው ላይ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዘማች ገና 44 ዓመቱ ነበር።